ብርቱካኑስ የታለ?

በቀደም ለጉዳይ አንድ ትልቅ ሕንፃ ልገባ ስል በር ላይ ያለው ጥበቃ ኪሴን ዳበስ ዳበስ አደረገና እጁ አንድ ነገር ላይ ቆመ።

“ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ሴንጢ ነው፣ የኔ ልጅ።”

“ምን ያደርግልዎታል?”

“ብርቱካን እልጥበታለሁ።”

ልጁ ሴንጢውን ዘረጋው። ስለቱ ከመዳፉ ረዝሞ ወጣ። አንዴ ስለቱን፣ አንዴ እኔን አየና፣ “ብርቱካኑስ የታለ?” አለኝ።

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጉዳዬን ጨርሼ፣ አደራ ያስቀመጥኩትን ሴንጢ ተቀብዬ ወደ ቤቴ ሳዘግም ግን ሳቄ ጠፋ። እውነትስ ብርቱካኑ የታለ? ሴንጢውን ኪሴ ከከተትኩ ሰባት ወር ሆኖኛል። በሰባት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ብርቱካን ይዤ ወጥቼ አላውቅም።

እንግዲህ እውነቱን ላውጣ። ሴንጢውን የገዛሁት ፒያሳ ከአንድ ሱቅ በደረቴ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሞባይሌን ከእጄ ላይ መንትፈውኝ ነበር። ሻጩ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ደርድሮ አሳየኝ። ለብርቱካን ቢሆን ትንሿ ትበቃኛለች። እጄ ግን ሳያመነታ ትልቁን አነሳ። ሻጩም ሆዴን አውቆታል። “እሱ ነው ጋሼ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ” አለኝ። ሴንጢውን ከነተረቱ ሸጠልኝ።

እናላችሁ፣ የዛሬው ሙግቴ ከዚህ ከትልቁ ሴንጢ ጋር ነው። በጠቅላላው ከስለት ጋር ጠብ የለኝም። ከተማ ውስጥ ለዕለት ሥራው ሴንጢ የሚያስፈልገው ሰው ሞልቷል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሽቦ ልባስ ይገፍበታል። ባለሱቁ ካርቶን ይከፍትበታል፤ የጤፍ ማዳበሪያ የታሰረበትን ሲባጎ ይበጥስበታል። መንገደኛው ማንጎ ይልጥበታል። እስቲ ከእነዚህ ውስጥ ከአንድ ጣት የረዘመ ስለት የሚጠይቀው ሥራ የቱ ነው?

“የበዓል በግስ?” የሚለኝ አይጠፋም። ለበግ ካራ አለለት! ታጣፊ ሴንጢ ለእርድ አይሆንም፤ ማጠፊያው ውስጥ ደምና ሞራ ይገባና ቢያጥቡት ቢያጥቡት አይጠራም። “ቁርጥስ?” ካላችሁም፣ ሥጋ ቤት ቢላዋው ከሥጋው ጋር ይቀርባል። ከቤቱ ስለት ይዞ ቁርጥ የሚበላ ሰው እኔ አላየሁም።

ወታደር እንኳ በኪሱ የሚይዘው ሴንጢ ለውጊያ አይደለም። የስዊዘርላንድ ጦር እ.ኤ.አ. በ1891 ለወታደሮቹ ማደል የጀመረው ታጣፊ ሴንጢ ከስለቱ ሌላ መብሻ፣ የቆርቆሮ ምግብ መክፈቻና የጠመንጃ ብሎን መፍቻ ነበረው። የተሠራው ለምሳና ለጥገና ነው። ወታደሩ ቆርቆሮ የሚከፍትበትን ዕቃ እኛ ሲቪሎቹ ለጦርነት እንመርጠዋለን። ጉድ እኮ ነው!

አውቃለሁ፣ ቀልድ ብቻ አይደለም። ማታ ከሥራ ወጥቶ ጨለማ ሰፈር የሚያቋርጥ ሰው ይፈራል። ፍርሃቱን አልንቅም፤ እኔም ፈርቼ ነው የገዛሁት። ነገር ግን መንታፊ ቀጠሮ አይሰጥም። ከኋላ መጥቶ ነጥቆ እስኪሮጥ ድረስ እናንተ ኪሳችሁን ገና እየዳበሳችሁ ነው። እኔ ሞባይሌን ስነጠቅ ሴንጢው ኪሴ ቢኖር ምን አደርግበት ነበር? እየሮጠ ያለ ልጅ ጀርባ ላይ ልሰካው ነው? ለሞባይል?

ትልቁ ሴንጢ ሌባ አላስጣለኝም። ያደረገልኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ምሽት ታክሲ ውስጥ ከረዳቱ ጋር በመልስ ተጨቃጨቅን። ዐሥር ብር ነው። “ፋዘር፣ ዝርዝር የለም፣ ትንሽ ጠብቅ” አለኝ። “ፋዘር” መባሌ ነው መሰለኝ ደሜን ያፈላው። እጄ ኪሴ ገባ። አላወጣሁትም፤ ግን ገባ። ልጁ ገና ጢሙ አልበቀለም። ይሄኔ ከፊት የተቀመጠች ሴትዮ ዝርዝር አቀበለችው፤ መልሴን ሰጠኝና “ይቅርታ ፋዘር” አለኝ። ጣቶቼ ምን ጨብጠው እንደነበር የምናውቅ እኔና እግዜር ብቻ ነን።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። በባዶ እጅ የተጣላ ሰው በማግስቱ ሽማግሌ ይገባለታል። ስለት ከወጣ ግን ነገሩ የሆስፒታልና የፍርድ ቤት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 556 ተራ የአካል ጉዳት ያደረሰውን ሰው ከአንድ ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ጉዳት ማድረስ በሚችል መሣሪያ የተደረገ ከሆነ ግን ቅጣቱ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት እስራት ነው። ከባድ ጉዳት ከሆነማ በአንቀጽ 555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። ለዐሥር ብር መልስ!

“ታዲያ ምን ዓይነት እንግዛ?” ለምትሉ፣ ሰባት ወር ተሸክሜ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ስለቱ ከመሃል ጣታችሁ አይርዘም። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 የጀመረው ባለእንጨት እጀታ ሴንጢ በየመጠኑ ቁጥር አለው፤ የታወቀው ቁጥር 8 ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ዳቦና አይብ ለመቁረጥ ከበቂ በላይ ነው። በሞላ ተስፈንጥሮ የሚከፈተውን ተዉት፤ ሎሚ የሚቆርጥ ሰው አይጣደፍም። ሲታጠፍ ጫፉ እጀታው ውስጥ ሙሉ በሙሉ መደበቁን እዩ። ሲዘረጋ መቆለፊያው ይያዝ፤ የስለቱን ጀርባ በእንጨት ተጫኑትና ካጠፈ አትግዙት፣ አንድ ቀን ጣታችሁን ይበላል። በዚህ ትልቁ ይብሳል፤ ስለት በረዘመ ቁጥር ማጠፊያው ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል።

ትንሿም ብትሆን ሰው ትገድላለች፣ አልዋሽም። ነገር ግን ትንሿን የሚገዛ ሰው ሲገዛ የሚያስበው ብርቱካኑን ነው። ትልቁን የሚገዛው የሚያስበው ሰውን ነው። ልዩነቱ ይሄው ነው፤ እኔ ከራሴ አውቀዋለሁ።

የእኔ ትልቁ ሴንጢ አሁን ኩሽና ገብቷል። ባለቤቴ ጎመን ልትከትፍበት ሞከረችና “ይሄ ነገርህ ይወላገዳል፣ ቢላዋዬን አምጣልኝ” ብላ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ለጎመን እንኳ አልሆነም።

እናንተም ዛሬ ማታ ኪሳችሁን ፈትሹ። ትልቁ እዚያ ካለ፣ እንደዚያ ጥበቃ ልጅ ራሳችሁን ጠይቁ። ብርቱካኑስ የታለ?