ማስታወቂያ ሳይመስል የሚገዛን ማስታወቂያ
እ.ኤ.አ. በ1929 በፋሲካ ዕለት ወጣት ሴቶች በኒውዮርክ አምስተኛው ጎዳና ላይ፣ በበዓል ሰልፈኛው መካከል ሲጋራ ለኩሰው ማጨስ ጀመሩ። ሴት በአደባባይ ማጨሷ ነውር ይባል በነበረበት ዘመን ድርጊቱ የጋዜጦች መነጋገሪያ ሆነ፤ ሲጋራውም «የነፃነት ችቦ» ተባለ። ነገሩን ያቀነባበረው ግን የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ኤድዋርድ በርኔይስ ነበር፤ ከፋዩ ደግሞ የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያ። የበርኔይስ ብልሃት ሸቀጡን ማሞገስ አልነበረም፤ ሴቶቹ ከሚመኙት እኩልነት ጋር ማጣመር እንጂ። አንባቢው ዜና ያነበበ መሰለው፤ ማስታወቂያ መሆኑን አላወቀም። ዛሬ ያ ሰልፍ በየኪሳችን ገብቷል። በቲክቶክ ወይም በቴሌግራም የምናምነው ሰው አንድን ዕቃ «እኔ የምጠቀመው ይህን ነው» ሲለን፣ ወዶት ይሁን ተከፍሎት አናውቅም። እንደ ቲክቶክ ያለ መተግበሪያ ደግሞ ቀልባችንን የያዘውን እየመረጠ ደጋግሞ ያቀርብልናል፤ የተደጋገመ ነገር ደግሞ እውነት ይመስላል። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል። ሕግ እስከዚህ ከተራመደ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ተከፍሎት የሚያስተዋውቅ ሁሉ ክፍያውን በግልጽ እንዲናገር ማስገደድም አለበት። እስከዚያው ግን፣ ውድ አንባቢ፣ ለመግዛትም ሆነ ለማጋራት እጅዎ ሲዘረጋ አንድ ጥያቄ ያስቀድሙ፦ ይህን ባደርግ የሚጠቀመው ማን ነው?