አራት ለባዶ እየመሩ መፍራት

አንድ ቡድን ትልቅ መሪነት ይዞ ወደ ዕረፍት ገብቶ ሲመለስ ያንን ሁሉ በትኖ ከሜዳ ሲወጣ፣ ፍርዱ በየቦታው አንድ ነው፤ «ናቁ፣ ተቀጡ»። ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች፣ በሬዲዮ የስፖርት ፕሮግራሞች፣ በማግስቱ በሥራ ቦታ በሚደረገው ክርክር ሁሉ የሚሰማው ይኸው ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ተብሎ ይተረትና ነገሩ እዚያው ይዘጋል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ከመሳሳቱም በላይ ጎጂ ነው እላለሁ፤ በሽታው ሳይታወቅ የሚታዘዝ መድኃኒት ሕመምተኛውን ይጎዳልና። የመጀመሪያዋን ጎል ንቀት ሊያስገባት ይችላል። ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋንና አራተኛዋን የሚያስገባት ግን ፍርሃት ነው።

ምስክር አድርጌ የምጠራው ጥር 28 ቀን 2003 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ኒውካስልና አርሰናል ያደረጉትን የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ነው። በአገራችን የአርሰናል ደጋፊ የሌለበት ሰፈር ስለማይገኝ ጨዋታውን የሚያስታውሰው ብዙ ነው። ሴንት ጄምስ ፓርክ ላይ ጨዋታው ተጀምሮ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ቲዮ ዋልኮት አስቆጠረ። በ3ኛው ደቂቃ ዮሃን ጁሩ በጭንቅላቱ ገጭቶ ሁለተኛዋን አገባ። ሮቢን ቫን ፐርሲ በ10ኛውና በ26ኛው ደቂቃ ሁለት ጨመረ። ኒውካስል ገና በዚያው ሳምንት አጥቂውን አንዲ ካሮልን በ35 ሚሊዮን ፓውንድ ለሊቨርፑል ሸጦ ስለነበር ደጋፊው ወደ ስታዲየም የመጣውም ቅር ብሎት ነው። በዕረፍት ሰዓት ጥለው የወጡ ነበሩ።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ጁሩ ተጎድቶ ወጣ። በ50ኛው ደቂቃ ጆይ ባርተን አቡ ዲያቢ ላይ ጠንከር ብሎ ገባበት፤ ዲያቢ ተነሥቶ ባርተንን ከአንገቱ ይዞ ገፈተረው፣ ኬቨን ኖላንንም ገፋ። ዳኛው ፊል ዳውድ ቀይ ካርድ አወጣ። በ68ኛው ደቂቃ ባርተን በፍጹም ቅጣት ምት፣ በ75ኛው ሊዮን ቤስት፣ በ83ኛው እንደገና ባርተን በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠሩ። በ87ኛው ደቂቃ አይቮሪኮስታዊው ሼክ ቲዮቴ ከክልሉ ውጪ ሆኖ የተመለሰችውን ኳስ መሬት ሳትነካ በግራ እግሩ መትቶ መረብ ላይ አሳረፋት። ቲዮቴ ለኒውካስል ያገባት ጎል እሷ ብቻ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. ቻይና ውስጥ ልምምድ ላይ ወድቆ በ30 ዓመቱ ከዚህ ዓለም ተለየ። ነፍሱን ይማር። ጨዋታው 4 ለ 4 አለቀ። በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ የአራት ጎል መሪነት ሲባክን ያ የመጀመሪያው ነበር።

ስለዚህ ጨዋታ ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ቀዩ ካርድና ስለ ቲዮቴ ጎል ነው። እኔ ትልቁን ነገር የማየው በሁለቱ መካከል፣ ከ50ኛው እስከ 68ኛው ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በእነዚያ 18 ደቂቃዎች አንድም ጎል አልገባም። ውጤቱ አራት ለባዶ እንደሆነ ነው። አንድ ሰው ቢጎድልም አራት ጎል አለ፤ ሴስክ ፋብሪጋስ አለ፣ ጃክ ዊልሸር አለ፣ ኳስ ይዘው ባላጋራን የሚያስሮጡ ልጆች ሜዳው ላይ አሉ። እነሱ ግን ወደ ኋላ ሸሹ። ኳስ የደረሰው ሁሉ እንደምትፈነዳ ነገር ቶሎ ከእግሩ ማራቅ ጀመረ፤ የራቀችው ኳስ ደግሞ ወዲያው ተመልሳ መጣች። ቡድኑ ጨዋታውን ትቶ ሰዓት መቁጠር የጀመረው ገና ጎል ሳይገባበት ነው።

ከዚያ የመጀመሪያው ፍጹም ቅጣት ምት ገባ። በዚያች ቅጽበት የሆነውን ልብ በሉ። ኖላን ኳሷን አንሥቶ ወደ መሐል ሜዳ ሊሮጥ ሲል የአርሰናሉ በረኛ ቮይቼክ ሽቼስኒ አልሰጥም ብሎ ያዛት፤ ሁለቱ እዚያው ጎል ውስጥ ተናነቁ። ውጤቱ እኮ 4 ለ 1 ነው! ባላጋራውን የናቀ በረኛ ኳሷን ወርውሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። በሦስት ጎል እየመራ ለጥቂት ሰከንዶች ብሎ የሚታገል በረኛ ልቡ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ነው። ኖላንም፣ ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብም ያንን አነበቡት። ፍርሃት ከሜዳ ላይ ሆኖ ይታያል፤ ያየው ባላጋራም ጉልበት ያገኝበታል።

አሰልጣኙ አርሰን ቬንገር አርሻቪንንና ዋልኮትን አስወጥተው ሮሲስኪንና ኢቡዌን አስገቡ። አንድ ሰው ለጎደለው ቡድን ምክንያታዊ ይመስላል። ነገር ግን ዋልኮት ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ የኒውካስል ተከላካዮች ፍጥነቱን ፈርተው ሁለት ሰው ከኋላ ማስቀረት ግድ ይላቸዋል። እሱ ሲወጣ ያ ግዴታ ቀረላቸው፤ ሁሉም ወደፊት መጡ። የሚፈራ ቡድን ባላጋራውን የሚያስፈራውን ሰው ራሱ ያወጣል።

ንቀት ነው ለሚሉኝ ሌላ ማስረጃ አለኝ። ከዚያ ጨዋታ 11 ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 11 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ይኸው አርሰናል በገዛ ሜዳው ቶተንሃምን 2 ለ 0 እየመራ ዕረፍት ወጥቶ 3 ለ 2 ተሸንፏል። ቶተንሃም በአርሰናል ሜዳ ካሸነፈ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። ይህ ቁስል ሳይድን ወደ ኒውካስል የሄደ ቡድን እንዴት ሊንቅ ይችላል? እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ቀዩ ካርድ ሲወጣ እነዚያ ልጆች ያዩት አራት ጎላቸውን አልነበረም፤ የኅዳሩን ሽንፈት ነው። ዋጋውም ከባድ ነበር። በዚያኑ ዕለት ማንቸስተር ዩናይትድ በዎልቭስ በመሸነፉ አርሰናል ቢያሸንፍ ልዩነቱን ወደ ሁለት ነጥብ ማጥበብ ይችል ነበር። የዓመቱ መጨረሻ ላይ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ።

የኢስታንቡሉንም ታሪክ በዚሁ መነጽር እንየው። ግንቦት 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ኤሲ ሚላን በማልዲኒ አንድ፣ በክሬስፖ ሁለት ጎል ሊቨርፑልን 3 ለ 0 እየመራ ወደ መልበሻ ክፍል ገባ። እስከ ዛሬ የሚወራው ሚላኖች በዕረፍት ሰዓት ዋንጫውን እንደበሉ ቆጥረው መጨፈራቸው ነው። ተጫዋቾቹ ይህን ደጋግመው አስተባብለዋል፤ እኔም አምናቸዋለሁ። ይኸው ሚላን ከአንድ ዓመት በፊት ዲፖርቲቮ ላ ኮሩኛን በሜዳው 4 ለ 1 አሸንፎ በመልሱ ጨዋታ 4 ለ 0 ተረትቶ ከውድድሩ ወጥቷል። መሪነት እንዴት እንደሚባክን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ ቡድን አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ለሊቨርፑልም ድርሻውን መስጠት ይገባል። ራፋ ቤኒቴዝ ከዕረፍት መልስ ዲትማር ሃማንን አስገብተው አሰላለፉን ቀየሩ፤ ጄራርድ ከመከላከል ሥራ ተላቅቆ ወደፊት ሄደ። በ54ኛው ደቂቃ ጄራርድ፣ በ56ኛው ሽሚሰር፣ በ60ኛው አሎንሶ። ስድስት ደቂቃ ብቻ። ያ ሁሉ ሲሆን ሚላን አንድም ሰው አልቀየረም፤ ካርሎ አንቼሎቲ የመጀመሪያውን ቅያሬ ያደረጉት በ85ኛው ደቂቃ አካባቢ ነው። ከ3 ለ 3 በኋላ ደግሞ ሚላን ተመልሶ ጥሩ ተጫወተ። የሼቭቼንኮን ሁለት ተከታታይ ሙከራ ዱዴክ በተአምር ባያወጣው ኖሮ ዋንጫውን ይወስድ ነበር። የሚጠብቀው ነገር ሲያልቅበት ፍርሃቱም አብሮ አለቀ፤ ኳስ መጫወት ቻለ። ጥፋቱ ስንፍና ወይም ንቀት ቢሆን ኖሮ በተጨማሪው ሰዓት እንዲያ አይጫወትም ነበር።

ፍርሃት ከደጋፊ ወደ ተጫዋች ሲተላለፍ ያየነው ደግሞ በአፍሪካ ዋንጫ ነው። ጥር 2 ቀን 2002 ዓ.ም. በሉዋንዳ የመክፈቻ ጨዋታ አዘጋጇ አንጎላ ማሊን እስከ 79ኛው ደቂቃ 4 ለ 0 ትመራ ነበር። አንድ ሲገባ ስታዲየሙ አልደነገጠም። በ88ኛው ደቂቃ ሁለተኛው ሲገባ ጭፈራው ቆመ። ባከነ ሰዓት ተጨምሮ ሁለት ጎል በተከታታይ ገባና 4 ለ 4 አለቀ።

እዚህ ላይ «ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱን ጀርመኖች አሳይተውናል። ጥቅምት 6 ቀን 2005 ዓ.ም. በርሊን ላይ፣ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ጀርመን ስዊድንን 3 ለ 0 እየመራች ዕረፍት ወጣች፤ በ55ኛው ደቂቃ ኦዚል አራተኛውን ጨመረ። በ62ኛው ኢብራሂሞቪች፣ በ64ኛው ሉስቲግ፣ በ76ኛው ኤልማንደር፣ በባከነ ሰዓት ኤልም አገቡና 4 ለ 4 ተለያዩ። የመጀመሪያዋ ጎል ከመዘናጋት መጣች ቢባል እቀበላለሁ። ከ4 ለ 2 በኋላ ግን ሜዳው ላይ የቀረው ድንጋጤ ነው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ እኚያው የጀርመን አሰልጣኝ ዮአኪም ሎቭ ኖየርን፣ ላምን፣ ክሩስን፣ ኦዚልን፣ ሙለርንና ክሎዘን ይዘው ብራዚልን በቤሎ ሆሪዞንቴ ገጠሙ። በዕረፍት 5 ለ 0 ይመሩ ነበር። ማትስ ሁሜልስ በኋላ እንደተናገረው በመልበሻ ክፍል የተስማሙት ባላጋራን ሳያዋርዱ፣ ሳይቀልዱ፣ ጨዋታቸውን በቁም ነገር እንዲቀጥሉ ነው። ብራዚል ሁለት ሰው ቀይራ ተነሥታ መጣች፤ ኖየር በተከታታይ አዳነ። ጀርመኖች ግን ወደ ኋላ አልሸሹም። ኳሱን ያዙ፣ ተቀያሪው ሹርለ ሁለት ጎል ጨመረ። ኦስካር በ90ኛው ደቂቃ አንድ ሲያገባ ኖየር በንዴት ጮኸ። ይህኛው ንዴት ከሽቼስኒ ትግል ይለያል፤ ሥራውን ሳያጓድል ሊጨርስ የፈለገ ሰው ንዴት ነው። መሪነት እንደዚህ ነው የሚያዘው፤ እየተጫወቱ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእንግሊዝና ለጀርመን አሳቢ ሆኜ አይደለም። በየሰፈራችን ሜዳ የሕፃናትና የታዳጊዎች ጨዋታ ቆሜ ስመለከት የማየው ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። አንድ ቡድን ሦስት ለባዶ ሲመራ ከመስመሩ ዳር የሚሰማው ድምፅ ይለወጣል። ቀድሞ «ተቀባበል! ክፈት!» ይል የነበረው አሰልጣኝ «አርቅ! ምታ! ወደ ኋላ ተመለስ!» ማለት ይጀምራል። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ኳስ ከእግሩ የማትለይ አማካይ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኳስ ሲደርሰው አየር ላይ ይሰቅላታል። ጎል ሲቆጠርበት አንገቱን ደፍቶ የሚያየው ወደ አሰልጣኙ ነው፤ ከዚያ የሚሰማው ደግሞ «ናቃችሁ! አልኳችሁ አይደል!» የሚለውን ነው። ልጁ አልናቀም። ፈርቷል፤ የፈራውም ትልቅ ሰው እንዲፈራ ስላስተማረው ነው። የሚፈራን ልጅ በንቀት መገሠጽ ፍርሃቱን እጥፍ ማድረግ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመራ የሚያስታውሰው ያንን ጩኸት ይሆናል።

አሰልጣኞቻችን ይህን መለወጥ ይችላሉ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ልምምድ ላይ አንዱን ቡድን ሦስት ለባዶ እየመራህ ነው ብሎ፣ አንድ ሰው አጉድሎበት፣ 20 ደቂቃ ማጫወት ነው። በዚያ ውስጥ ኳስ ማን ጋ እንደሚሄድ፣ ማን አረጋጊ እንደሚሆን፣ ጎል ሲቆጠር ኳሷን ማን አንሥቶ ረጋ ብሎ እንደሚሄድ ልጆቹ ይለማመዱታል። በዕረፍት ሰዓት «እንዳይገባባችሁ» የሚለውን ቃል ትቶ ለእያንዳንዱ ሥራ መስጠት ነው፤ አንተ ይህን ቦታ ክፈት፣ አንተ ቀጣዩን ጎል ፈልግ። ፈጣኑን አጥቂ ደግሞ አለማስወጣት፤ እሱ ፊት ላይ ቆሞ ቢውል እንኳ ሁለት ተከላካይ ይዞ ይውላል።

እኛ ጸሐፊዎችና የስፖርት ጋዜጠኞችም ድርሻ አለን። «ናቁ» የሚለው ቃል ለመናገር ይቀላል፤ ተንታኙን ከመመርመር ያሳርፋል፣ አድማጩንም ያረካል። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ቡድን መሪነቱን ሲበትን ከመፍረዳችን በፊት ጎሎቹ ባልገቡበት ደቂቃ ተጫዋቾቹ ኳሱን ምን እንዳደረጉት እንመልከት። ኳሱን እየሸሹ ከነበረ ቡድኑ ፈርቷል፤ የፈራ ቡድን ደግሞ የሚያስፈልገው አሰልጣኝ እንጂ ገሣጭ አይደለም።