ከኢፍጣር በፊት ያለችው ሰዓት

ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የብዙዎቻችን ቤት አንድ ዓይነት መልክ አለው። ሾርባው እሳት ላይ ነው፤ የሳምቡሳው ሊጥ ተዳምጦ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ እናት ሽንኩርቱን ከትፋ ሳትጨርስ ድስቱ ይጠራታል። አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ደግሞ እግሯ ሥር ይተራመሳሉ። ያኔ ስልኩ ከተሰቀለበት ይወርዳል። ልጁ ካርቱን ከፍቶ ጥግ ይይዛል፤ ቤቱ ጸጥ ይላል። መግሪብ አዛን ሲባል ቴምሩን ተቀብሎ አፉ ውስጥ ይከታል፤ ዓይኑን ግን ከስልኩ ላይ አያነሳም።

ይህን የምንጽፈው እናቶችን ለመውቀስ አይደለም። ለስሁር ከሁሉም ቀድማ የተነሳች፣ 13 ሰዓት ያህል ውሃ ሳትቀምስ የዋለች ሴት ልጇን ዝም የሚያሰኝላት ነገር ብትፈልግ ማን ይፈርድባታል? የሚያሳስበን ሌላ ነው። ልጁ ካደገ በኋላ ረመዳንን ሲያስታውስ ምን ይመጣለታል? የሳምቡሳው ሽታ፣ የአባቱ ድምፅ፣ ወይስ የስልኩ ካርቱን?

ልጅን እስከ ማፍጠሪያ ማቆየት የዛሬ ወላጅ ብቻ ጣጣ አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ የተባለችው የመዲና ሶሓቢያ የዓሹራን ቀን ጾም ስታወሳ፣ ልጆቻቸውንም ያስጾሙ እንደነበርና ከሱፍ መጫወቻ ይሠሩላቸው እንደነበር ትናገራለች። ልጁ ምግብ ፈልጎ ሲያለቅስ ያንን መጫወቻ ይሰጡታል፤ በእሱም እየተጫወተ ማፍጠሪያው ይደርሳል። እነዚያ ወላጆችም ጾመኞች ነበሩ። ቢሆንም ተቀምጠው በእጃቸው ሠሩለት።

በእኛ ቤት ሱፍ ባይኖር አሮጌ ካልሲ አይጠፋም። ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቆ ኳስ መሥራት የማያውቅ አባት በዚህ አገር ማግኘት ይከብዳል። የቴምር ካርቶን በመቀስ ቢቀደድ መስጊድ ይሆናል፤ የሽንት ቤት ወረቀት ጥቅልል ሚናራ ይወጣዋል። ቢያጋድል ምን አለበት፣ ልጁ ራሱ ያቃናዋል።

አባት ካልን ዘንዳ፣ በዚያች ሰዓት እኛ አባቶች የት ነን? ብዙዎቻችን የታክሲ ሰልፍ ላይ ነን፤ እውነት ነው። ቤት የደረስነው ግን ሶፋው ላይ ተጋድመን «ስንት ደቂቃ ቀረው?» እያልን እንጠይቃለን። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው እንደሰገዱ፣ ሱጁድ ሲወርዱ እያስቀመጧት ሲነሱ መልሰው እንደተሸከሟት በሐዲስ ተዘግቧል። በሶላት ውስጥ ለልጅ ቦታ ከተገኘ፣ አዛን በምንጠብቅበት ሰዓት እንዴት ይጠፋል? በእኛ አስተያየት ያቺ ሰዓት የአባት ድርሻ መሆን አለባት። ሥራ ያቆየው ካለ ታላቅ ወንድም ወይም አጎት ይተካው።

ለዚህች ሰዓት ጨረቃን የሚያህል መጫወቻ አላየንም። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሠላሳ ክብ አድርጋችሁ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከኢፍጣር በኋላ ልጁን ይዛችሁ ደጅ ወይም በረንዳ ውጡና ያያትን ጨረቃ በአንዱ ክብ ውስጥ ይሣል። በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች በምዕራብ በኩል እንደ ጥፍር ቁራጭ ቀጥና ትታያለች፤ ቶሎም ትጠልቃለች። ሳምንት ሲሞላት ግማሽ ሆና አናት ላይ ትገኛለች። በ14 እና በ15 ፀሐይ ስትገባ እሷ በምሥራቅ ሙሉ ሆና ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ፤ ልጁ እንደ ለመደው ሲወጣ ጨረቃ የለችም። «የት ሄደች?» ይላል። መልሱን አትንገሩት፤ ይቆይ። ደመና ከሆነ ደግሞ ደመናውን ይሣል።

ወጥ ቤቱም ቢሆን ለልጅ ሥራ አያጣም። ከዘይቱ ይራቅ እንጂ ምስሩን በማንኪያ ሊጡ ውስጥ መጨመር፣ ጫፉን በዱቄት ሙጫ ማጣበቅ፣ ለቤተሰቡ ሰው ልክ ቴምር መቁጠር ይችላል። ወንዱም ሴቷም። አንድ ነገር ግን እንለምናለን፦ ልጁ የጠቀለለውን ጠማማ ሳምቡሳ ዞር ሲል አታቃኑበት። እንደ ጠመመ ይጠበስና ሳህኑ ላይ ይውጣ። ለጎረቤት የሚሄደውንም ሳህን፣ ጎረቤቱ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ይዞ የሚያንኳኳው እሱ ይሁን።

ስልኩ መነሣቱ ካልቀረ ደግሞ ደሴ ወይም ጅማ ላለችው አያቱ ይደወል። ድምፅ ማጉያ ባልነበረበት ዘመን ማፍጠሪያውን በምን ታውቁ ነበር ብሎ ይጠይቃት። ሪያድ ያለች አክስት ካለችውም ሰዓቷ ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ያፈጠረችበትን ደቂቃ ጠይቆ ከእኛ ጋር ያስተያይ።

ስለ ጾሙም አንድ ቃል። ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ላይ ጾም ግዴታ አይደለም። እስከ ዙህር ልጹም ካለ ይጹም፤ ውሃ ከጠማው ይጠጣ። ተደብቆ ሲጠጣ የተያዘን ልጅ የሚቆጣ ወላጅ ጾም አያስተምርም፤ በሚቀጥለው ቀን ይበልጥ ተደብቆ መጠጣትን ነው የሚያስተምረው። በሰው ፊት «ዛሬ ጾሟል» ብሎ ማስጨብጨቡንም አንወደውም፤ ከትንሽ ወንድሙ ጋር ፉክክር ይጀምርና ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።

በመጨረሻዎቹ አስር ቀናት፣ በማግሥቱ ትምህርት በሌለበት ሌሊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለስሁር ቀስቅሱት። ጋቢ ደርቡለትና ደጅ ይዛችሁት ውጡ። የጠፋችበት ጨረቃ በምሥራቅ በኩል ቀጥና ቆማለች። ወረቀቱንና እርሳሱን ማታ በሩ አጠገብ አስቀምጡለት።