የሆስፒስ ፈቃድ በር ሲዘጋ፦ የካሊፎርኒያ እገዳ ማንን አስቀረ?

የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት ከጥር 2022 (እአአ) ጀምሮ ለአዳዲስ የሆስፒስ ድርጅቶች ፈቃድ መስጠት አቁማለች። ጊዜያዊ የተባለው እገዳ ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ተራዝሟል።

በነርስነትና በአረጋውያን ተንከባካቢነት የሚሠሩ በርካታ የአፍሪካ ቀንድ ተወላጆች በሚኖሩባት ሎስ አንጀለስ ጉዳዩ የሩቅ ዜና አይደለም። በሙያው ቆይተው የራሳቸውን ድርጅት ለመክፈት የሚያስቡ ሰዎች አንድ ጥያቄ ተደቅኖባቸዋል፦ በሩ እስኪከፈት መጠበቅ፣ ወደ ሌላ ግዛት መሄድ ወይስ ያለ ፈቃድ መግዛት?

እገዳውን ምን አመጣው?

ሆስፒስ ሕክምና ሊያድነው ያልቻለን ሕመምተኛ ሥቃዩን እያስታገሱ እስከ መጨረሻው የማስታመም አገልግሎት ነው። በአሜሪካ አብዛኛውን ወጪ የሚሸፍነው ሜዲኬር የተሰኘው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን ነው። ታማሚው ከ6 ወር በላይ የመኖር ተስፋ እንደሌለው ሐኪሞች ሲያረጋግጡ ክፍያው ይጀምራል።

ክፍያው የሚታሰበው በቀን ነው። በተለመደው የቤት ለቤት እንክብካቤ በዕለቱ ነርስ ታማሚውን ብትጎበኝም ባትጎበኝም ድርጅቱ ይከፈለዋል። ይህ አሠራር ለሐቀኛው ድርጅት መረጋጋትን ይሰጣል፤ ለአጭበርባሪው ግን ያልታመመን ሰው መዝግቦ ገንዘብ የመሰብሰብ ዕድል ይከፍታል።

እገዳው ሥራ ላይ በዋለ በሦስተኛው ወር ይፋ የሆነው የግዛቲቱ ኦዲተር ሪፖርት የችግሩን ስፋት አሳይቷል። በሎስ አንጀለስ ካውንቲ በ2010 109 የነበሩት ድርጅቶች በ2021 1,841 ደርሰው ነበር። በቫን ናይስ አንድ ሕንፃ ብቻ ከ150 በላይ የሆስፒስና የቤት ውስጥ ሕክምና ድርጅቶች ተመዝግበው ተገኝተዋል። የካውንቲው ድርጅቶች በ2019 ብቻ ከሜዲኬር 105 ሚሊዮን ዶላር ያለአግባብ ሳይጠይቁ እንዳልቀሩም ኦዲተሩ ገምቷል።

ሪፖርቱ ጣቱን የቀሰረው በአጭበርባሪዎቹ ላይ ብቻ አይደለም። ፈቃድ ሰጪው የግዛቲቱ አካል የቁጥጥር ድክመትም ተተችቷል።

በሩ የተዘጋው በማን ላይ ነው?

እዚህ ላይ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚለው ብሂል ይታወሳል። እገዳው አዲስ መጪዎችን ያስቆማል፤ ቀድሞ የገባውን አጭበርባሪ ግን ከነፈቃዱ ይተወዋል። እሱን ለማስወጣት እያንዳንዱን መዝገብ መመርመር ያስፈልጋል።

አዲስ ፈቃድ ሲጠፋ ደግሞ አሮጌው ይወደዳል። የፌዴራሉ መንግሥት ይህን የፈቃድ ንግድ ለመግታት ከጥር 2024 ጀምሮ አዲስ ደንብ ተግባራዊ አድርጓል። አንድ ሆስፒስ በሜዲኬር በተመዘገበ በ36 ወራት ውስጥ አብላጫ ድርሻው ከተሸጠ፣ ገዢው በጥቅሉ እንደ አዲስ አመልካች መመዝገብና መፈተሽ ይኖርበታል።

ወደ ሌላ ግዛት መሄድም ቀላል መፍትሔ አይደለም። ከሐምሌ 2023 ጀምሮ በአሪዞና፣ በካሊፎርኒያ፣ በኔቫዳና በቴክሳስ የሚከፈቱ አዳዲስ ሆስፒሶች ልዩ ክትትል ይደረግባቸዋል።

የፌዴራሉ መንግሥትም በ2010 በወጣው የጤና ሕግ መሠረት አዳዲስ ምዝገባዎችን የማገድ ሥልጣን አለው። በ2013 በማያሚና በቺካጎ አካባቢ በቤት ውስጥ ሕክምና ድርጅቶች ላይ የጣለው እገዳ በየ6 ወሩ እየታደሰ እስከ 2019 ዘልቋል። "ጊዜያዊ" የሚለው ቃል የዓመታት ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ይህ ያሳያል።

በሩ ሳይዘጋ ለመግባት የሚጣደፍ ሰው ዋነኛ አደጋም ይኸው ነው። ከግዛቱ ፈቃድ በኋላ ሠራተኛ መቅጠር፣ የመጀመሪያዎቹን ታማሚዎች መቀበልና ፍተሻ ማለፍ ይጠበቅበታል፤ የሜዲኬር ምዝገባ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ኪራይና ደመወዝ ይወጣል፣ ገቢ ግን አይኖርም። እገዳ መሐል ላይ ቢመጣ የሚቃጠለው ያጠራቀመው ጥሪት ነው።

የካሊፎርኒያ ሕግ አንድ ቀዳዳ ትቷል። አመልካቹ በአካባቢው በርግጥ የአገልግሎት እጥረት መኖሩን ካሳየ በልዩ ሁኔታ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል።

የታማሚው ድርሻ

ከሁሉ በላይ ተጎጂው ታማሚው ነው። ወደ ሆስፒስ የገባ ሰው ለዚያው ሕመሙ የሚያስፈልገውን የማዳን ሕክምና ሜዲኬር አይሸፍንለትም። "ነጻ እርዳታ" ተብሎ ያልገባውን ወረቀት የፈረመ አረጋዊ ይህን የሚያውቀው ሆስፒታል ሄዶ ሲመለስ ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ አስታውቆ በማንኛውም ጊዜ የመውጣት መብት አለው፤ መብቱን ለመጠቀም ግን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው አረጋውያን በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በሶማሊኛ የሚያስረዳ ነርስ ትልቅ መከታ ነው። ይኸው በቋንቋ የሚገኝ አመኔታ በአጭበርባሪ እጅ ሲወድቅ ግን ማጥመጃ ይሆናል። የጅምላ እገዳ ሁለቱን አይለይም።

በምሥራቅ አፍሪካ የፈቃድ ጥያቄ ሌላ መልክ ነበረው። ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳ በ1993 በካምፓላ ሥራ ሲጀምር ችግሩ የድርጅት መብዛት ሳይሆን ሞርፊን ማዘዝ የሚችል ባለሙያ ማነስ ነበር። ዩጋንዳ በ2004 ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች መድኃኒቱን እንዲያዙ ፈቀደች። በዚያ ፈቃድ የተመዘነው በሙያ ብቃት ነበር።

የካሊፎርኒያ እገዳ ሲነሳም ወሳኙ የሚሰጡት ፈቃዶች ቁጥር አይሆንም። አመልካቹ በእኩለ ሌሊት ሥቃይ የጸናበት ታማሚ ስልክ ሲደውል ማን እንደሚሄድለት ይጠየቃል ወይ የሚለው ነው።