አልበገር ያለ የደም ብዛትና የነጋዴው ድርሻ

አስተዋይ ነጋዴ የሣጥኑ ገንዘብ ከመዝገቡ ጋር አልስማማ ያለው እንደ ሆነ፥ ከሁሉ አስቀድሞ መዝገቡን ደግሞ ይመረምራል። በደም ብዛት ሕመም ላይ ግን ይህን መልካም ልማድ ስንተወው ይታያል። መድኃኒት እየዋጠ ግፊቱ አልወርድ ያለው ሰው፥ ምክንያቱን ሳያጣራ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ብዙ ገንዘብ ለማፍሰስ ይቸኩላል።

ሐኪሞች መድኃኒት ያልበገረው የደም ብዛት የሚሉት፥ አንዱ ውኃን በሽንት የሚያስወጣ የሆነ ሦስት ዓይነት መድኃኒት በበቂ መጠን እየተወሰደ ግፊቱ ከሚፈለገው ልክ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ይሁን እንጂ ምርመራ ይቀድማል። መድኃኒቱ በየቀኑ ይዋጣልን? የመለኪያው መጠቅለያ ለክንዱ ውፍረት የሚስማማ ነውን? በቤት ሲለካስ ግፊቱ እንዲሁ ነውን? ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚዋጡት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ጨውም እንዲሁ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። የኩላሊት በሽታ፥ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥና አልዶስቴሮን የተባለው ሆርሞን መብዛትም መመርመር ይገባቸዋል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ግፊቱ ካልበረደ አራተኛ መድኃኒት ይጨመራል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ፓዝዌይ 2 የተባለው የብሪታንያ ጥናት፥ ስፒሮኖላክቶን ከቢሶፕሮሎልና ከዶክሳዞሲን የበለጠ ግፊትን እንደሚያወርድ አሳይቷል። በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ግን የሐኪም ክትትልና የደም ምርመራ ያሻዋል። በኩላሊት ዙሪያ ያሉትን ነርቮች የሚያደክመው አዲስ ሕክምና በአሜሪካ በ2023 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል፤ ሆኖም በአማካይ የሚያወርደው መጠነኛ ስለሆነ፥ ብዙዎች ከእርሱም በኋላ መድኃኒታቸውን መቀጠል ያስፈልጋቸዋል።

እንግዲህ ነገሩ ወደ እኛ ይመለሳል። ስፒሮኖላክቶን ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ያገለገለ፥ ዋጋው ዝቅ ያለ መድኃኒት ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ዕቃ ደግሞ ትርፉ ትንሽ ነውና አስመጪው ወደ ኋላ ሊያቆየው ይችላል። ጨርቅ ቢዘገይ ገዢው ይታገሣል፤ መድኃኒት ቢቋረጥ ግን የደም ብዛት አይታገሥም፤ ፍጻሜው የአንጎል፥ የልብ ወይም የኩላሊት ጉዳት ነው።

ነጋዴ ያለ ትርፍ አይኖርም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በየቀኑ፥ ብዙውን ጊዜም ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ፈላጊው የታወቀ ስለሆነ፥ ለትእዛዝም ሆነ ለመጠባበቂያ ክምችት ይመቻል። ስለዚህ አስመጪዎች ክምችቱ ሳያልቅ ይዘዙ፤ መለኪያ የሚሸጡ ልዩ ልዩ መጠን ያለው መጠቅለያ ያቅርቡ፤ ባለ መድኃኒት ቤቶችም የሕመም ማስታገሻ ከመስጠታቸው በፊት ገዢው የደም ብዛት እንዳለበት ይጠይቁ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ይህ ጥቂት ትጋት ብዙ ቤት ያድናል።