ቅኝት ቃል አይደለም

ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ ባቲ ያደርሳል፤ ከደሴ ወደ ሰሜን የሚሄደው ደግሞ አምባሰልን አቋርጦ ያልፋል። ባቲና አምባሰል ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋር ዋነኞቹ አራት የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ናቸው። ስማቸው የአገር ስም ስለሆነ ይመስለኛል፣ ቅኝቱን ራሱን እንደ ሰው የሚናገር አድርገን መስማት ለምደናል። «አምባሰል ሐዘን ነው»፣ «ባቲ ናፍቆት ነው» ይባላል፤ የወሎ ሰው የአነጋገር ለዛና የወሎ ዘፈን ቅኝትም «ቃና» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ። ይህ መደባለቅ ጉዳት አለው ባይ ነኝ፤ የሚጎዳውም ግጥሙን ነው።

የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃል ፍቺ የሚለውጥባቸው ቋንቋዎች አሉ። ሩቅ ሳንሄድ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚነገረው ቤንችኛ አምስት የድምፅ ደረጃዎችና አንድ ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅ አለው፤ ደረጃው ከተሳተ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። አማርኛ እንዲህ አይደለም። «ዋና» የሚለውን ቃል በቀጭን ድምፅም በወፍራምም ብንለው ፍቺው አይነካም፤ «ና» ስትላላ ግን ውሃ ውስጥ የሚዋኙት ነው፣ ስትጠብቅ የነገሩ አውራ። «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ ነው። «አለ» ደግሞ ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት ስለማያሳይ የሚጠብቀው አፍ ብቻ ነው። አንድ ዜማ እልፍ ግጥም ሊሸከም የቻለውም የድምፅ ከፍታ ፍቺ ስለማይለውጥ ነው፤ ዜማው እንደፈለገ ሲወጣና ሲወርድ ቃሉ አይጠፋም። ዘፋኙ ለዜማው ብሎ የላላውን ካጠበቀ፣ የጠበቀውንም ካላላ ግን ሰምና ወርቁ አብሮ ይበላሻል።

አሁን አምባሰልን እንየው። ክራር በአምባሰል ሲቃኝ አንደኛውና ሁለተኛው ድምፅ በግማሽ ድምፅ ብቻ ይራራቃሉ፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የሁለት ሙሉ ድምፅ ዝላይ አለ፤ ቀጥሎ አንድ ሙሉ፣ ከዚያ እንደገና ግማሽ። ሚያኮ ቡሺ የሚባለው የጃፓን ቅኝትም በእነዚሁ ርቀቶች የተሠራ ነው። ሙሉው ትዝታም ከቻይና ባህላዊ ሙዚቃ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ጋር ይገጥማል። ለእኛ አምባሰል ወይም ትዝታ የሆነው እዚያ ሌላ ነገር ነው። ቃል ግን እንዲህ አይላላም። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው አምባሰል አገር ውስጥ ነበር፤ በአንቀጽ 17 የአማርኛው ቅጂ «ይቻላል» ሲል የጣሊያንኛው ግዴታ ማድረጉ ለዐድዋ ጦርነት ምክንያት ሆነ። በቅኝት ትርጉም ላይ እንዲህ ያለ ክርክር ሊነሣ አይችልም፤ የሚከራከሩበት ፍቺ የለውማ።

«ታዲያ ያለ ግጥም የሚመታ ማሲንቆ ለምን ያስለቅሳል?» የሚል ይኖራል። ያስለቅሳል፤ አልክድም። የሚያስለቅሰው ግን ጆሯችን ከልጅነት ጀምሮ ያንን ድምፅ ከለቅሶ፣ ከመለየት፣ ከናፍቆት ግጥም ጋር አብሮ ስለሰማው ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትዘፍን ልባችን የሚነካው በቅኝቱ ብቻ ሳይሆን ቃሉን ባሳረፈችበት ቦታም ነው። ሌላው ከባድ መከራከሪያ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የየራሳቸው ምሥጢር አላቸውና። ይህ ግን የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል፤ ምሥጢሩ በሊቃውንት የተሰጠ፣ በትምህርት የሚተላለፍ ነው፤ ያልተማረ ጆሮ ከዜማው ብቻ አያገኘውም። የወሎ መንዙማም ከእንጉርጉሮው በፊት ቃሉ የሚከበርበት ነው።

ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ወጣቶችን ክራርና ማሲንቆ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ቅኝቱን ከማስያዛችሁ በፊት ግጥሙን ያለ ዜማ ጮክ ብለው እንዲያነቡት አድርጉ። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይተው ሲያበቁ ክራሩን ስጧቸው።