ሳይተኩሱ ማውረድ

የዒላማ ተኩስ ውድድር መጀመር ፈልጎ ለሚያማክረኝ ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ መጀመሪያ መሣሪያ አትግዛ። ይህን ስል ያገሬ ሰው ቅር ይለዋል። ጠመንጃ ለመያዝ ሳይጓጓ ተኳሽ ለመሆን የሚነሣ ማን አለ? እኔ ግን አጥብቄ እከራከራለሁ። ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ያነሣውን መሣሪያ ሳይተኩስ መልሶ ማውረድን ነው። ለዚህ ደግሞ የራስ ጠመንጃ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሰውን ያጣድፈዋል።

እኔ ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት አጠገብ የምኖር የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ያደግሁት ጎጃም ነው። አያቴ ምንሽር ነበራቸው፤ ምንሽሩ ከተሰቀለበት የሚወርደው ለሰርግና ለለቅሶ ነበር። ሙሽራ ሲገባ ወደ ሰማይ ይተኮሳል፤ አስከሬን ሲወጣም እንዲሁ። ጠመንጃ አንሥቶ ሳያጮህ የመለሰ ሰው መሳቂያ ነው። ወደ ላይ የሄደችው ጥይት ተመልሳ የማን ጣራ ላይ እንደምታርፍ የሚጠይቅ አልነበረም። መሣሪያ ለኛ ክብር ነው፤ በፉከራና በቀረርቶ እናሞግሰዋለን፣ በሬ ሸጠን እንገዛዋለን። ተረጋግቶ አነጣጥሮ መምታትን ግን በሥርዓት የተማረው ከስንት አንዱ ነው። ጥይት ውድ ነው ይባላል፤ ለልምምድ የማትገኘው ጥይት ግን ለሰርግ ትገኛለች።

የምኖርበት መንደር ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የተኳሾች ክበቡ ግን ዛሬም አለ። ጀርመን ውስጥ ይህ የተለመደ ነው። የአገሪቱ ተኳሾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1861 ጎታ ከተማ ላይ ተመሠረተ፤ ዛሬ ጽሕፈት ቤቱ ቪስባደን ሲሆን ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። ብዙዎቹ ክበቦች ግን በዕድሜ ከማኅበሩ ይልቃሉ፤ አንዳንዶቹ፣ ከተሞች በግንብ ተከበው ይኖሩ በነበረበት ዘመን ነዋሪው ከተማውን ለመጠበቅ ያቋቋማቸው ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ከእንጨት የተሠራች ወፍ ረጅም ግንድ ላይ ትሰቀልና አባላቱ ተራ በተራ ይተኩሷታል፤ የመጨረሻዋን ስባሪ የጣለው የዓመቱ ንጉሥ ተብሎ የብር ሰንሰለት አንገቱ ላይ ይጠለቅለታል። ንጉሥነቱ ዕዳም አለው፤ መንደሩን ቢራ መጋበዝ የእሱ ፋንታ ነው። በዓሉ ሌላ፣ ስፖርቱ ሌላ መሆኑን ግን ማንም አይስተውም። በልምምድ ሰዓት ቢራ የቀመሰ ሰው መሣሪያ አይሰጠውም።

ጀማሪ እዚህ ሲመጣ የክበቡን የአየር ጠመንጃ ያውሱታል። በታመቀ አየር የሚሠራ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የእርሳስ ጥይት የሚተኩስ መሣሪያ ነው። ከቆዳና ከሸራ የተሰፋ ደረቅ ጃኬትም ያለብሱታል፤ ላብ ላብ የሚል፣ ስንቱ ጀማሪ የለበሰው። ከዚያ 10 ሜትር ርቆ የተሰቀለ አነስተኛ ካርቶን ያሳዩታል። አንድ ያገሬ ልጅ ይዤ ሄጄ ርቀቱን ሲያይ ሳቀ፤ «ይቺንማ በድንጋይም እመታታለሁ» አለ። የካርቶኑ ጥቁር ክብ ከዳር እስከ ዳር 30.5 ሚሊ ሜትር ነው። መካከሉ ላይ ያለችው የ10 ነጥብ ምልክት ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች። የጥይቷ ጠርዝ ከነካት 10 ይቆጠራል፤ እሱንም ማግኘት ሥራ ነው። ልጁ ተኩሶ ሲጨርስ ገመዱን ስቦ ካርቶኑን አመጣ፤ ግማሹ ቀዳዳ ከጥቁሩ ውጭ ነበር። ድንጋዩን አላነሣሁበትም።

አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ ሴት የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ሰው ሲተኩስ ዒላማውን አያዩም። ከጎን ቆመው የሚመለከቱት ትከሻውን፣ ደረቱንና ጣቱን ነው። ጠመንጃው ይነሣል፣ ጉንጭ ሰደፉ ላይ ያርፋል፣ ትንፋሽ በግማሽ ወጥቶ ይቆማል፣ ጥቁሩ ክብ ከፊት ባለው ቀለበት መካከል ገብቶ ይረጋል። ጥሩዋ ተኩስ የምትወጣው በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። ካለፉ በኋላ ዓይን ይፈዛል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ደግሞ «አሁንስ ትውጣ!» ብሎ ቃታውን ይመነጭቃል። ይህን ጊዜ ነው ሴትዮዋ «አውርድ» የሚሉት። ታወርዳለህ፣ ትተነፍሳለህ፣ እንደገና ትጀምራለህ። ጀማሪ ይህን ትእዛዝ እንደ ሽንፈት ያየዋል። ቀለበቱ ውስጥ የገባውን ጥቁር ክብ ትቶ መውረድ፣ እጅ የገባን ነገር እንደ መጣል ይመስለዋል። ብዙው ጀማሪ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ዓይኑ ደካማ ሆኖ ወይም እጁ ተንቀጥቅጦ አይደለም፤ ማውረድ ስለሚያፍር ነው።

ለማውረድ ደግሞ ጊዜ አለ። በኦሎምፒክ የአየር ጠመንጃ ማጣሪያ 60 ተኩስ በ75 ደቂቃ ውስጥ ነው የሚተኮሰው፤ ወንዱም ሴቱም እኩል። ለአንዷ ተኩስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይደርሳታል ማለት ነው። የአንዷ ተኩስ ከፍተኛ ነጥብ 10.9 ስለሆነ የሁሉም ጣሪያ 654 ነው። ችኮላ የሚያስገኘው ምንም ትርፍ የለም።

ጣትን መግዛት የጀማሪ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ የአሜሪካዊውን የማቲው ኤመንስን ታሪክ ያንሣ። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ በ50 ሜትር የሦስት አቋም ጠመንጃ ፍጻሜ ሌሎቹን እየመራ የመጨረሻ ተኩሱ ላይ ደረሰ። ተኮሰ፤ ጥይቱ ያረፈችው ግን የጎረቤቱ ዒላማ ላይ ነበር። ዜሮ ተመዘገበበት፣ 8ኛ ወጣ። ያን ቀን ሊያጽናናው የመጣች የቼክ ተኳሽ ኋላ ሚስቱ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የቤይጂንግ ኦሎምፒክን የመጀመሪያ ወርቅ በ10 ሜትር አየር ጠመንጃ የወሰደችው ካተርዢና ኤመንስ እሷ ናት። በዚያው ኦሎምፒክ ማቲው በዚያው በሦስት አቋም ውድድሩ እንደገና እየመራ ለመጨረሻዋ ተኩስ በቃ። 6.7 ብቻ ይበቃው ነበር። ጠመንጃው ገና ወደ ዒላማው መካከል ሳይደርስ ጣቱ ቃታውን ነካው፤ 4.4 አገኘና 4ኛ ሆነ። የዓለም ምርጥ የሚባለውም ሰው ቢሆን ከጣቱ ጋር ያለው ትግል ዕድሜ ልኩን ነው። አሠልጣኛችን ጀማሪን ለወራት ያለ ጥይት ቃታ ሲያስስቡ የሚያጉረመርመውን ሰው ዝም የሚያሰኙት በዚህ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ የቱርኩ ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ልዩ መነጽር ሳያደርግ ሲተኩስ የታየበት ፎቶ ዓለምን አዳርሷል። ከሸቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር አየር ሽጉጥ በጥንድ የብር ሜዳሊያ ወስዷል። ከዚያ ወዲህ ክበባችን የሚመጣው ወጣት ሁሉ እጁን ኪሱ ይከታል። እጅን ኪስ መክተቱ ምንም ክፋት የለውም፤ ነጻ የቀረው ክንድ እንዳይወዛወዝ ብዙ ተኳሽ የሚያደርገው ነው። ወጣቶቹ የማያዩት ሌላውን ነው፤ ሰውየው ፓሪስ ሲደርስ አምስተኛ ኦሎምፒኩ ነበር። ከቤይጂንግ 2008 ጀምሮ እየሄደ ሜዳሊያ ያየው በ51 ዓመቱ ነው። የተዝናና የሚመስለው አቋም የተገነባው በብዙ ሺህ ባወረዳቸው ተኩሶች ነው።

የጀርመን ሕግም ቅደም ተከተሉ እንዲሁ ነው። 12 ዓመት የሞላው ልጅ በወላጆቹ የጽሑፍ ፈቃድና በሠለጠነ ተቆጣጣሪ ፊት በክበብ ውስጥ በአየር ጠመንጃ ይለማመዳል። ከዚያ በታች ያሉት ጥይት በሌለው፣ ብርሃን ብቻ በሚልክ ጠመንጃ ይጀምራሉ። ባሩድ የሚተኩስ መሣሪያ የራሱ እንዲሆን የሚፈልግ አዋቂ ቢያንስ 12 ወር በክበብ ውስጥ ሳያቋርጥ መለማመዱን ያስመሰክራል፣ ፈተና ይወስዳል፣ ጠባዩ ይጠናል፣ ቤቱ ካዝና ይኖረዋል። ጥብቅነቱ በዋዛ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2002 ኤርፉርት ትምህርት ቤት ውስጥ 16 ሰው የገደለው ወጣት የተኳሾች ክበብ አባል ነበር። በ2009 ቪነንደን ላይ 15 ሰው የገደለው ልጅ የተጠቀመው የክበብ አባል የሆነው አባቱ ካዝና ውስጥ ያልቆለፈበትን ሽጉጥ ነው። ከመጀመሪያው በኋላ ከ25 ዓመት በታች ላሉት የሥነ ልቦና ምርመራ ታዘዘ፤ ከሁለተኛው በኋላ ባለሥልጣን ቤት ድረስ መጥቶ ካዝናውን ሊፈትሽ ተፈቀደለት። ስለዚህ ክበብ መኖሩ ብቻውን ዋስትና ነው አልልም። ዋስትናው ቁልፉና ቅደም ተከተሉ ነው።

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ። «በጦርነት የተጎዳ ሕዝብ ልጆቹን ተኩስ ያስተምር ትላለህ?» የሚሉኝ ወገኖች አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የኔ መልስ ልጆቻችን ጠመንጃን ካወቁት ቆይተዋል የሚል ነው። የማያውቁት ጠመንጃ ዝም ብሎ ሲወርድ ነው። አፈሙዝ ወደ ሰው እንደማይዞር፣ በማይተኮስበት ጊዜ ሁሉ በበርሜሉ ውስጥ ባለ ደማቅ ቀለም ገመድ ገብቶ እንደሚታይ፣ «አቁም» ሲባል ባለ 10 ነጥቡም ባለ ዜሮውም እኩል እንደሚያቆም የሚማርበት ቦታ የለንም። አየር ጠመንጃ ማንንም ወታደር አያደርግም፤ ፉከራንም አያስተናግድም። የፎከረ ሰው ልቡ ይመታል፤ ልቡ የመታ ሰው 7 ይመታል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። የኛ ስፖርት ሩጫ ነው፤ እግሩ የማያስኬደው ልጅ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ዒላማ ተኩስ ግን እ.ኤ.አ. ከ1976 ቶሮንቶ ጀምሮ የፓራሊምፒክ ውድድር ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ይተኮሳል። የሃንጋሪው ካሮይ ታካች እ.ኤ.አ. በ1938 የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁን ሲያበላሽበት በግራው ተምሮ በ1948 እና በ1952 የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዷል። እኛ ክበብ ውስጥም ወገባቸው የማያስቆማቸው ሽማግሌዎች ጠመንጃውን ድጋፍ ላይ አሳርፈው የሚወዳደሩበት ዘርፍ አላቸው፤ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩት ከወጣቶቹ በባሰ ነው።

እንግዲህ ባህር ማዶ ያለህ ጀማሪ ሆይ፣ በአቅራቢያህ ያለውን ክበብ ጠይቅ፤ የእነሱን መሣሪያ ተዋስ። አዲስ የውድድር የአየር ጠመንጃ ከ2,000 ዩሮ በላይ ያወጣል፤ በመጀመሪያው ዓመት የገዛኸው በሁለተኛው ዓመት ለቁመናህ አይስማማም። ገንዘብህን ለጥሩ ጫማና ለጥይት አውለው። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ነጥብህን ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንዳወረድክም ጻፍ። «ገና አልበቃሁም» ሳትል ዝቅተኛው የወረዳ ውድድር ላይ ተመዝገብ፤ ጉልበት የሚያብረከርከው ያ ፍርሃት ቤት ውስጥ አይለመድም።

አገር ቤት ላሉት የስፖርት ኃላፊዎች ደግሞ ይህን እላለሁ። እነ መቻልና ኦሜድላን የመሰሉ የሠራዊትና የፖሊስ ክለቦች ያሉባት አገር አሠልጣኝ የሚወጣው ሰው አታጣም። ለሙከራ ከ10 ሜትር ትንሽ የሚረዝም ክፍል፣ ጥቂት የብርሃን ጠመንጃዎችና የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ይበቃሉ። አየር ጠመንጃ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሚያዘው መንገድ፣ ፖሊስ እያወቀው ነው። ከሁሉ በፊት ግን አሠልጣኙ ይሠልጥን፣ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ የሚይዘው ሰው በስም ይታወቅ። መሣሪያው ቀድሞ ተገዝቶ አሠልጣኙ ኋላ የሚፈለግ ከሆነ ሐሳቡ ቢቀር ይሻላል፤ ያኔ ከተቃዋሚዎቹ መካከል የመጀመሪያው እኔ ነኝ።